ሃምሳ ያልሞላት

ቡታጅራ፣ መስከረም 18 ቀን 1963 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለእትዬ ሃሊማ
ወልቂጤ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ። እንደምን ከርመሻል? ልጅሽ ሙስተፋ፣ ሚስቱ፣ የልጅ ልጆችሽ ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሀያቱም ሰላም ይልሻል።

«በሰው በሰው ነይ የምትይኝ ምን ሆነሽ ነው? ባልሽ ፈታሽ ወይ?» ብለሽ ልከሽብኛል። አልፈታኝም። አላህ ያቆይልኝ እንጂ እንደሱ ያለ ባል አላየሁም። የያዘኝ ነገር ሌላ ነው፤ በሰው አፍ የሚላክ አይደለም። ደግነቱ ሁለታችንም በየአገራችን የማታ ትምህርት ቤት ገብተን ፊደል ቆጠርን፤ ይኸው ዛሬ ያለ ሦስተኛ ሰው እንነጋገራለን።

የምንኖርበትን ግቢ ሰምተሻል እንጂ አላየሽውም። አዲስ አበባ ሲነግዱ ያረጁ ሰዎች መሬቱን በማኅበር ገዝተው፣ ቤቶቹን በጋራ ሠርተው የገቡበት ነው። በተስማሙበት ደንብ ሃምሳ ዓመት ያልሞላው ሰው በግቢው አያድርም። ልጅ ወላጁን ሊጠይቅ ይመጣል፣ ምሳ ይበላል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይወጣል። ክፋት እንዳይመስልሽ። ከመሥራቾቹ አንዱን፣ አላህ ይዘንለትና፣ ልጁ «ልጡርህ» ብሎ ገብቶ፣ እዚያው ሚስት አግብቶ፣ አባቱን ከአልጋው ወደ ማድ ቤት፣ ከማድ ቤት ወደ ደጅ አወጣው። ሽማግሌው የሞተው ሰው ቤት ተጠግቶ ነው። ደንቡ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ ያለው ሁሉ ልጁን የሚፈራ ሰው ነው።

ሀያቱ እኔን ሲያገባ ማንም ዕድሜዬን አልጠየቀም። እኔም ነጠላዬን እንደ አሮጊት ተከናንቤ፣ ዝም ብዬ ገባሁ። አሁን የጎረቤታችን የወይዘሮ ሳሌሃ ልጅ ከባሏ ተፋትታ፣ ልብሷን በጨርቅ ቋጥራ እናቷ ዘንድ መጣች። የማኅበሩ ዳኛ አቶ ሰይዶ «ሃምሳ አልሞላትም» ብለው መለሷት። ሳሌሃ አለቀሰች። ከዚያ ስብሰባው መሀል ቆመችና፣ «የእኔ ልጅ በደንብ ከወጣች የሀያቱ ሚስት በምን ደንብ ተቀመጠች? ጥርሷን እዩት! የማን ሃምሳ ነው ይሄ?» አለች።

ምን ይመለስላታል? እውነቷን ነው።

አቶ ሰይዶም፣ «የተወለደችበትን ዘመን የሚያውቅ፣ ያሳደጋት ሰው ይምጣና ይማል» አሉ። ሀያቱ «አብረን እንወጣለን» ይለኛል። ወዴት? የዕድሜ ልክ ድካሙን እዚህ ጨርሶ፣ በሰባ ዓመቱ ወዴት ነው የምወስደው? የአባታችን ቤት ፈርሷል። ፊተኛው ባሌ ከማሉም «መካን ነሽ» ብሎ ሲያባርረኝ በለበስኩት ልብስ ብቻ እንደወጣሁ ታውቂያለሽ።

እናታችን ስትሞት ጡት እንኳ በወጉ አልጣልኩም ነበር፤ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ። አንድ ቀን መጥተሽ «ጣሊያን ሲገባ ዘይባ ውሃ የምትቀዳ ልጃገረድ ነበረች» በይልኝ። ሌላ አልጠይቅሽም። ምን እንደምልሽ አውቃለሁ፤ ይቅር በይኝ።

እህትሽ ዘይባ


ወልቂጤ፣ ጥቅምት 6 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለዘይባ

ሰላም ለአንቺ ይሁን። እኔ አለሁ።

ጣሊያን ሲገባ ጀርባዬ ላይ ነበርሽ። ወደ ጫካ ስንሸሽ እንዳታለቅሺ አፍሽን በእጄ አፍኜ ነው የሮጥኩት። ትንፋሽሽ መዳፌን ሲያሞቀው እስከ ዛሬ ይታወቀኛል። ውሃ የምትቀዳ ልጃገረድ ነበረች በይ ትይኛለሽ። አንቺን ሃምሳ ካደረግሁ እኔ ሰባ ልገባ ነው።

እዚህ ገበያ ቅቤ ስሸጥ ማንም ሰው ሚዛኔን አይደግምም። «ሃሊማ ካለች አለች» ይላሉ። ሰው ሲጣላ እኔን ነው ለምስክር የሚጠራው። ያለኝ ይኸው ነው፤ እሱን ነው የምትጠይቂኝ።

ለምን ወልቂጤ መጥታችሁ ከእኔ ጋር አትኖሩም እንድልሽ ትጠብቂ ይሆናል። አልልሽም። ምክንያቱን አትጠይቂኝ። ሙስተፋ ደህና ነው። ሚስቱም ደህና ናት። ቤቱም ቆሟል።

ወሩ ሳያልቅ እመጣለሁ። የምለውን እዚያ ስደርስ አውቀዋለሁ።

ሃሊማ


ቡታጅራ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 1963 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ሃሊማ

እንደምን ነሽ? ከሄድሽ ጀምሮ ስላልጻፍኩልሽ ተቀይመሻል። ብዕሩን ባነሳሁ ቁጥር እያፈርኩ አስቀምጠዋለሁ።

«አመኑ ወይ?» ላልሽው፣ አምነዋል። ማን አያምንሽም? አቶ ሰይዶ ቁርዓኑን ሲያቀርቡልሽ እጅሽን ለመዘርጋት ስትዘገዪ እነሱ የእርጅና ነው አሉ። ሳሌሃ ብቻ ፊትሽን ትክ ብላ አይታ «ወላሂ በይ» አለችሽ። አልሽ። እሷም ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ሰላም ከማለት በቀር አታናግረኝም። ልጇ እንሴኖ ገበያ አጠገብ ክፍል ተከራይታ በርበሬ ትቸረችራለች አሉ። አንቺም ያቀረብኩልሽን ክትፎ ሳትነኪ «መኪናው ያመልጠኛል» ብለሽ ወጣሽ። መኪናው እኮ ገና አልመጣም ነበር፤ ከአጥሩ ሥር ሆኜ አይሽ ነበር።

ግን እትዬ፣ የምሥራች አለኝ። ለሴት ብቻ የሚነገር ነው። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ያ የወር ነገር ቀርቷል። ጭራሽ ቀረ። መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ ኋላ ግን እየሳቅሁ አልሐምዱሊላህ አልኩ። አላህ በአንቺ መሐላ ላይ ማኅተም አደረገበት! አሮጊት ሆንኩልሽ። ወገቤን ያመኛል፣ ያዞረኛል፣ ቀትር ላይ ተቀምጬ አንቀላፋለሁ። ሃምሳ ባይሞላኝም ሰውነቴ ሞልቶታል፤ ከእንግዲህ የዋሸሽ አይምሰልሽ። ሌሊት እንቅልፍ ይውሰድሽ።

ሀያቱ «ሚስቴ አረጀችብኝ» እያለ ይቀልድብኛል።

ዘይባ


ቡታጅራ፣ የካቲት 22 ቀን 1963 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ሃሊማ

የጠየቅሽኝን ሁሉ አንድ በአንድ እመልስልሻለሁ። ቅቤ ሲነጠር ያስጠላኛል ወይ? አዎ። ጡቴን ያመኛል ወይ? አዎ። አፈር አፈር ይለኛል ወይ? የዝናብ ጠብታ ያረፈበት ግድግዳ ሳይ ምራቄ ይሞላል። ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። መካን የተባልኩ ሴት ነኝ፤ እንዴት በልቤ ይምጣ? ይኸው ባለፈው ሳምንት ሆዴ ውስጥ ተንቀሳቀሰ።

ሌላም ያልነገርኩሽ ነገር አለ። በጥር ሀያቱ ለሶላት ሊታጠብ ዉዱእ ሲያደርግ ወደቀ። ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ብሎታል፤ ምላሱም ተይዟል። ያኔ ያልጻፍኩልሽ ይድናል ብዬ ነው።

ስለ ልጁ በጆሮው ነገርኩት። «ሀያቱ፣ አርግዣለሁ» አልኩት። መጀመሪያ የሰማኝ አልመሰለኝም። ቆይቶ ደህናው የፊቱ በኩል ሳቀ፤ የሞተው በኩል ደግሞ እንባ ወረደበት። በደህናው እጁ ግድግዳውን ይደበድብ ጀመር፤ ጎረቤት ሊጠራ ነው! እጁን ያዝኩት። «ዝም በል! ይሰሙናል! ሃሊማ በቁርዓን የማለችውን ረሳኸው?» አልኩት። ያን ጊዜ ያየኝን አስተያየት ልነግርሽ አልችልም። በሰባ ዓመቱ ልጅ አገኘ፤ የሚናገርበት አፍ ቢያጣ በእጁ ሊናገር ሲል እጁን እኔ ያዝኩበት።

ብናገር አንቺ በሐሰት የማለች ሴት ትሆኛለሽ፤ እኔም እባረራለሁ። አሁን ማን ያነሳዋል? ማን ያገላብጠዋል? ዝም ብል ደግሞ ሆዴ አይደበቅም። ምን ይሻለኛል?

ዘይባ


ወልቂጤ፣ መጋቢት 9 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለዘይባ

አታልቅሺ። ለልጁ አይበጅም።

ዝም በይ። ልብስሽን አስፊው። ሰው ሲመጣ ተቀመጪ፤ አትቁሚ። ሆድሽ ሲገፋ «እህቴ ታማለች፣ ላስታምም» በይና ውጪ። ወደ እኔ ቤት ግን አትምጪ። ጉብሬ ከተማ አንዲት ወዳጅ አለችኝ፤ መበለት ናት፣ ምስጢር ታውቃለች። እሷ ዘንድ ትወልጃለሽ። ልጁን እሷ ታሳድገው፤ አንቺ ወደ ባልሽ ትመለሻለሽ። ክፉ ምክር እንደሆነ አውቃለሁ። የተሻለ የለኝም።

ለምን ወደ አንቺ አልመጣም ብለሽ ደግመሽ አትጻፊልኝ።

ሃሊማ


ቡታጅራ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1963 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ሃሊማ

ኢንና ሊላሂ። ሀያቱ ሄደብኝ። ረመጥ ልቆሰቁስ ዞር ስል ነው ያለፈው፤ ስመለስ ዓይኑ በሩ ላይ ነበር። መርዶውን በመርካቶ ነጋዴዎች በኩል ልኬልሽ ነበር፤ አለመምጣትሽን ግን አልተቀየምኩም። እዚህ መጥተሽ እነሱ ፊት መቀመጥ እንዴት እንደሚከብድሽ አውቃለሁ።

አሁን ዒዳ ላይ ነኝ፤ የሐዘን ወራቴ እስኪያልቅ ከባሌ ቤት ደጃፍ አልወጣም። ጉብሬ የሚባለው ነገር ቀረ። ሐዘንተኛ ዒዳዋን ትታ እህቷን ላስታምም ብትል ማን ያምናታል?

ከቀብር በኋላ ኢማሙ መጡና ከመጋረጃው ውጭ ሆነው እንደ ወጉ ጠየቁ። «በሆዷ ነገር አለ ወይ?» አሉ። አንዷ አሮጊት ሳቅ አለችና፣ «ሃምሳ ካለፋት በኋላ? እርስዎ ደግሞ!» አለች። ሌሎቹም ፈገግ አሉ። ኢማሙም ይቅርታ ብለው ሄዱ። እኔ እዚያው መጋረጃው ጀርባ ነበርኩ እትዬ፤ ልጁ ይረግጠኛል። በቃ፤ ዝም አልኩ። መልስ ሆኖ ተቆጠረ።

አሁን የሀያቱ ወንድም ሙሀመድአወል ከመስቃን መጥቷል። ሟቹ ልጅ ስለሌለው ወራሹ እኔ ነኝ ይላል። ክፉ ሰው አይደለም፤ በሕጉ ነው። ዒዳዋ ሲያልቅ እንካፈላለን ብሏል። ለውርሱ ስል አይደለም የምጨነቀው። ይህ ልጅ ሲወለድ የማን ይባላል? ዛሬ አባቱን ካልተናገርኩ ነገ ከአጥር ጀርባ ያመጣችው ይሉታል። ልብሴን ደራርቤ ተቀምጫለሁ፤ ሴቶቹ «ሐዘን አወፈራት» ይላሉ። ሳሌሃ ግን ሾርባ ይዛልኝ ስትመጣ ሳህኑን አስቀምጣ፣ ቁጭ ብላ ታየኛለች።

እባክሽ አንድ ቃል ጻፊልኝ። ዝም በይ ካልሽኝ ዝም እላለሁ።

ዘይባ


ወልቂጤ፣ ግንቦት 2 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለዘይባ

ተናገሪ።

ዝም በይ ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ አሁን ተናገሪ የምልሽም እኔ ነኝ። «እህቴ ዋሽታለች» በይ። ስሜን ጥሪ። እዚህ ድረስ ይሰማል። ይሰማ። ለአባት አልባ ልጅ የሚሆን ስም እኔ ጋ የለም።

ለምን ወደ አንቺ አልመጣም ያልሽኝን ልንገርሽ፤ ሳልነግርሽ የቀረሁት አፍሬ ነው። ሙስተፋና ሚስቱ ከተጋቡ ጀምሮ ቤቱን ይዘውታል። እኔ የምተኛው ከኋላ፣ የእንሰት ገመድና የቅቤ ቅል ከሚቀመጥበት ክፍል ነው። ሰው ሲመጣ «እማ ገበያ ናት» ይባላል። እዚያ ግቢ ስደርስ፣ ዳኛው ሽማግሌ ደንቡ ለምን እንደወጣ ሲነግሩኝ፣ ልቤ እየወጋኝ ነበር የሰማሁት። ክትፎሽን ያልበላሁት ለዚህ ነው። እንደኔ ያሉ ሰዎች የሠሩትን አጥር በሐሰት ቃል ጥሼ፣ እንዴት ይወርድልኛል?

ብርታቱን ይስጥሽ።

ሃሊማ


ቡታጅራ፣ ሰኔ 3 ቀን 1963 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ሃሊማ

ደብዳቤሽን እያነበብኩ ያለቀስኩትን ለሀያቱ አላለቀስኩም። ቅቤ ቤት! አንቺን! ሙስተፋ! አቅፌ እሹሩሩ ያልኩት ልጅ! ሌላ አልጽፍም፤ ልጅሽ ነው።

«ምን አሉሽ፣ ሰደቡሽ ወይ?» ብለሽም በኋላ ጽፈሻል። አቶ ሰይዶን አስጠራኋቸው። ኢማሙና ሙሀመድአወልም መጡ፤ ሴቶቹ ደጁን ሞሉት። ከመጋረጃው ጀርባ በቀዳዳው እያየኋቸው፣ «ነፍሰ ጡር ነኝ። ልጁ የሀያቱ ነው» አልኩ።

ሴቶቹ እየተጋፉ ወደ መጋረጃው ቀረቡ።

ሙሀመድአወል፣ «ሃምሳ ዓመት የሞላት ሴት ትወልዳለች እንዴ?» አለ።

«ሃምሳ አልሞላኝም። እህቴ እኔን ከሜዳ ለማዳን ነው የማለችው። ኃጢአቱ የእኔ ነው።»

«እንግዲያው ያኔ የዋሸ ዛሬ ለምን አይዋሽም? ወንድሜ በሽተኛ ነበር። ልጁ የሱ ለመሆኑ ማን ያውቃል?»

የሚያውቀው አንድ ሰው ነበር፤ እሱ ደግሞ አፈር ውስጥ ነው። ያኔ ከሴቶቹ መሀል ሳሌሃ ተነሳች።

«እኔ አውቃለሁ» አለች። «እሷ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ለሀያቱ አጥሚት ይዤለት ገባሁ። እጅጌዬን ያዘኝ። የሚስቱን መኝታ አሳየኝና በደህና እጁ እንዲህ እያደረገ» አለች፤ ክንዷን አጥፋ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው አወዛወዘችው። «እየሳቀ፣ ደግሞ ደጋግሞ። ሽማግሌ ነው፣ አእምሮው ዞሮ ነው ብዬ ወጣሁ። ኋላ ሆዷን ሳይ ነው የገባኝ። የሚነግረው ሰው ስላጣ ለእኔ ነገረኝ። ልጁ የሀያቱ ነው። ወላሂ።»

ሙሀመድአወል አቀርቅሮ፣ «ካልሽስ ይሁን። የወንድሜ ልጅ ነው» አለ። እኔ ጨርቁን ነክሼ አነባሁ።

ሳሌሃ ግን አልተቀመጠችም። ወደ መጋረጃው ዞረችና፣ «እሷ ግን ትውጣ። የእኔም ልጅ ወጥታለች» አለች።

አቶ ሰይዶ ምን ይበሉ? ኢማሙ ሐዘንተኛ ዒዳዋን ከባሏ ቤት ትጨርስ፣ የነፍሰ ጡር ዒዳ ደግሞ የሚያልቀው ስትወልድ ነው አሉ። ስለዚህ እስክወልድ እቀመጣለሁ። የምወልድበት ቀን የምወጣበት ቀን ነው እትዬ። ሌላዋ ሴት «ያ አላህ፣ ቶሎ ገላግለኝ» ትላለች፤ እኔ ምጥ የመሰለ ነገር በተሰማኝ ቁጥር «ዛሬ አይሁን፣ ዝናቡ ይለፍ» እላለሁ። ስምሽንም በክፉ አንስተውታል፤ አልደብቅሽም። የዚህን ግቢ ደጃፍ ደግመሽ አትረግጪም።

የምሄድበትን አላውቅም።

ዘይባ


እንሴኖ፣ ነሐሴ 9 ቀን 1963 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ሃሊማ

ሴት ልጅ ነች። ለዘጠኙ ወር ጥቂት ሲቀረው መጣች፤ ዝናቡን አልጠበቀችም። «ማን አዋለደሽ?» ብለሻል። ሳሌሃ ናት። ሌሊቱን ሙሉ ወገቤን ደግፋኝ አደረች። እትብቷን ቆርጣ፣ አጥባ፣ አቀፈቻት፤ ለረጅም ጊዜ አልሰጠችኝም።

ለአራስነቱ ያህል እንድቀመጥ አቶ ሰይዶን ለመንኳቸው። በሩ ላይ ቆመው እንባቸው በጢማቸው ላይ እየወረደ፣ «ልጄ፣ ዛሬ አንቺን ከነሕፃንሽ ባሳድር ነገ የራሴን ልጅ በምን አፌ እመልሰዋለሁ? ሚስቱን ይዞ ሁለት ጊዜ መጥቶብኛል። እኔም እፈራለሁ» አሉኝ። ልቀየማቸው ፈልጌ አልቻልኩም። አንቺ የምትተኚበት ቤት ፊቴ ድቅን አለብኝ። የሀያቱ ድርሻ የልጅቱ ነው፣ ማኅበሩ ይጠብቅላታል አሉ። መቼ ትገባለች ብዬ ጠየቅሁ። «ደንቡ ደንብ ነው፤ ሃምሳ ሲሞላት» አሉኝ።

ሳሌሃ ዕቃዬን ራሷ ቋጠረች። ጋሪ አቆመች፣ ልጅቱን በራሷ ጋቢ ጠቅልላ እስከ መንገዱ ድረስ አቀፈቻት። ለባለ ጋሪው፣ «እንሴኖ፣ ከበርበሬ ተራው ጀርባ፣ አሚኔ ዘንድ አድርሳቸው» አለችው። አሚኔ ያች የተመለሰችው ልጇ ናት።

በዝናቡ ደረስን። አሚኔ በሩን ከፈተች፤ ጋቢውን አወቀችው።

«የማን ልጅ ናት?» አለችኝ።

«የሀያቱ ልጅ ናት» አልኳት። ከወለድኳት ጀምሮ ሰው ጠይቆኝ ስመልስ የመጀመሪያዬ ነው።

«እናቴ ናት የላከችሽ?»

«አዎ።»

«አንቺን በሷ አፍ አይደል ያስወጡሽ?»

«አዎ።»

አሚኔ ወደ ውስጥ አስገባችኝ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ግማሹ ያፈሳል። ዝናቡ የማያገኘው ጥግ ላይ የራሷ መኝታ ነበር። ሳበችና ለልጅቱ አነጠፈችው። እሷ ከዚያ ወዲህ በርበሬው ጆንያ ላይ ነው የምትተኛው፤ ሌሊት ስታስል እሰማታለሁ።

ከሙስተፋ ቤት ወጥተሽ ገበያው ዳስ ውስጥ እንደምታድሪ ጽፈሻል፤ ሰዉም በመሐላው ምክንያት ቅቤሽን አልገዛ ብሏል አልሽ። «ብመጣ ቦታ አለ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ቦታ የለም እትዬ። ነይ። አሚኔን ጠይቄያታለሁ፤ «ትምጣ፣ እንደኔ የተባረረ ሰው ሁሉ እዚህ ይሰብሰብ እንግዲህ» ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ልጅቱ ከትናንት ጀምሮ እንደ እሳት ትፈጃለች፤ ጡትም እምቢ ብላለች። አሚኔም እኔም ልጅ አሳድገን አናውቅም። ደብዳቤው ሳይደርስሽ እንዳይመሽብኝ እፈራለሁ። ባገኘሽው መኪና፣ በጭነትም ቢሆን፣ ቶሎ ነይ።

ዘይባ